ሳይቃጠል በቅጠል? ለምኔ!

ሰሞኑን ደግሞ በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ማለትም በዳይስ በሚወሰነው የጠረጴዛ ምናባዊ ጀብዱ ጨዋታ፣ «የማይሸነፈው ዊዛርድ» (ዊዛርድ ድግምተኛው ነው) የሚባል የድግምት ዝግጅት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ነው። አምስተኛ ሌቭል (ደረጃ) የደረሰና ኢንተለጀንሱ (የብልህነት ነጥቡ) 18 የሆነ ዊዛርድ በቀን ዘጠኝ ድግምት ያዘጋጃል። በዚህ ዝግጅት ከዘጠኙ ስምንቱ ያቃጥላሉ፣ ያፈነዳሉ ወይም ይወጋሉ። ዘጠነኛው መከላከያው ሜጅ አርመር ነው፤ እሱም በስህተት ሳይገባ አልቀረም። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተጫወተ ሁሉ የዚህን ዝግጅት ባለቤት ያውቃቸዋል። ተራቸው ሳይደርስ ስምንት ዳይስ በመዳፋቸው እያንኳኩ የሚጠብቁት ጌታ ናቸው።

እኛ ግን ልናመሰግናቸው ነው የመጣነው።

በቅድሚያ የሒሳብ ችሎታቸው ይመስገን። የእሳት ኳሱ ድግምት ፋየርቦል ጉዳቱ ስምንት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ነው፤ አማካዩ 28። አራት ጠላት ሲነካ ጌታው ወዲያው 112 ብለው ይደምራሉ። ድምሩ ልክ ነው። እስቲ አሁን አራት ኦገር (ግዙፍ ጭራቅ) አምጡላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም አንድ ኦገር 59 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) አለው። የጌታው ሴቭ ዲሲ፣ ማለትም ጠላት ድግምቱን ለመቋቋም በባለ 20 ገጽ ዳይስ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፣ 15 ነው፤ መነሻው 8፣ ፕሮፊሸንሲው (የልምድ ጭማሪው) 3፣ ከኢንተለጀንሱ የሚጨመረው 4። ኦገር በዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) ሴቭ አንድ ስለሚቀነስበት ለማለፍ ዳይሱ ላይ 16 ወይም ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት። በአማካይ ከአራቱ ሦስቱ ይወድቃሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ፋየርቦል ይወረወራል፤ ሦስቱ 28፣ ሴቩን ያለፈው አንዱ ግማሹ 14 ይደርሳቸዋል። ጭብጨባ! የሞተ ኦገር ብዛት ዜሮ። አራቱም ዱላቸውን ያነሣሉ፤ አንዱ ዱላ ካረፈ በአማካይ 13 ነው። ሁለተኛ ዙር፣ ሁለተኛ ፋየርቦል። ሁለቱንም ጊዜ ሴቭ የወደቀው ምስኪን ኦገር ስንት ደረሰበት? 56። ስንት ቀረው?

ሦስት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ይህ ኦገር ሐውልት ይገባዋል። ቅንድቡ ተለብልቧል፣ ከጆሮው ጢስ ይወጣል፣ ቆዳው ከሰል መስሏል። ዱላውን ግን ይዞታል። ባለ ሦስት ነጥቡ ኦገር የሚሰነዝረው ዱላ ከባለ 59ኙ በምን ያንሳል? በምንም። ለመምታት የሚጨመርለት 6 ያው 6 ነው፣ 13ቱም ያው 13። በዚህ ጨዋታ ቁስለኛ አያነክስም፣ ክንዱም አይዝልም፤ ወይ ቆሟል፣ ወይ ወድቋል። ጌታው በኢኒሼቲቭ (በተራ ቅደም ተከተል) ቀድመው እንኳ፣ ጓደኞቻቸው አንዱን ካልጣሉላቸው በቀር፣ በሁለት ዙር ስምንት ዱላ ተሰንዝሯል። ኮንስቲትዩሽኑ (የሰውነት ጽናቱ) 14 የሆነ ዊዛርድ በዚህ ሌቭል 32 ሂት ፖይንት አለው፤ ሦስት ዱላ 39 ነው። አሁን ሦስተኛው ዙር ደረሰ። ፋየርቦል የሚበላው የሦስተኛ ሌቭል ስሎት (የድግምት ኮታ) ሁለት ብቻ ነበረች፣ ሁለቱም ጢስ ሆነዋል። በዚህች ሰዓት የሚያድነው ማጂክ ሚሳይል ነበር፤ በአንደኛ ሌቭል ስሎት ሦስት የማይስቱ ቀስቶች፣ እያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 5። ለባለ ሦስት ነጥብ ኦገር ምን የመሰለ መድኃኒት! ምን ያደርጋል፣ ጌታው «ትንሽ ነው» ብለው አላዘጋጁትም።

ፈሪዎች የሚይዙት ሌላ ድግምት ደግሞ አለ፤ ሂፕኖቲክ ፓተርን ይባላል። ስሎቱ ያው የሦስተኛ ሌቭል ነው። በየጎኑ 30 ጫማ በሆነ ኪዩብ ውስጥ ያለ ጠላት በዊዝደም (ማስተዋል) ሴቭ ከወደቀ እስከ አንድ ደቂቃ አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ አይንቀሳቀስም፣ አይሰነዝርም። የኦገር ዊዝደም ሁለት የሚያስቀንስ በመሆኑ ለማለፍ 17 ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ሦስት ያህሉ ይፈዛሉ። ነቅቶ የቀረው አንዱ ወይ ይሰነዝራል፣ ወይ ተራውን ሠውቶ ጓደኛውን ይነቀንቃል። ከነቀነቀ ዱላ የለም። አራት ዱላ አንድ ሆነ፣ ቡድኑም ተረባርቦ በአንዱ ላይ ይወርዳል። ግን ይህ ምኑ ይወራል? ዳይሱን የሚወረውረው ዲኤሙ (የጨዋታው መሪ) ነው። ያልተሰነዘረ ዱላ ደግሞ ማንም ደምሮ «112!» ብሎ አይጮህለትም። ጌታው ይህን ድግምት የሚንቁበት እውነተኛ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ እዚህ ላይ ነው።

ፋየርቦልን አልጠላሁም። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ 7 ሂት ፖይንት ነው ያለው፤ ሴቩን ቢያልፍ እንኳ በአማካይ 14 ይደርሰዋል። አስር ጎብሊን ተሰብስቦ ሲመጣ የሚሻል ድግምት የለም። ጥያቄው አንድ ነው፦ የምወረውረው ይጥላል ወይስ ያሳምማል? ካልጣለ ቀድሞ ማሰር ነው።

ለማሰር የድር ድግምቱ ዌብ አለ፣ በሁለተኛ ሌቭል ስሎት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? ኦገርም ያስራል። የተያዘ ጠላት ሲሰነዝር በዲስአድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ወርውሮ ዝቅተኛውን በመያዝ) ነው፣ ሲሰነዘርበት ግን በአድቫንቴጅ (ከፍተኛውን በመያዝ)፤ ለመላቀቅ ተራውን ሠውቶ የስትሬንግዝ (ጉልበት) ቼክ ማለፍ አለበት። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ድሩ በሁለት ጠንካራ ነገሮች መሐል ካልተወጠረ፣ ወይም ወለል፣ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ላይ ካልተነጠፈ በቀጣዩ ተራችሁ መጀመሪያ ይፈርሳል። ጌታው ግን ድር ሲያዩ የሚታያቸው ማገዶ ነው። የተቀጣጠለ ድር በአንድ ዙር ያልቃል፣ ውስጡ ላለውም ሁለት ባለ አራት ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 5 ነጥብ ይጨምራል። ለአምስት ነጥብ እስከ አንድ ሰዓት የሚቆይ እስራት መሸጥ! እርግጥ የታሰረ ጠላት የዴክስተሪቲ ሴቩንም በዲስአድቫንቴጅ ነው የሚወረውረው፤ በዚያው ውርወራ የሚያልቅ ከሆነ ያቃጥሉት፣ ይመረቁ። ባለ 59ኙን ግን ተዉት፣ እዚያው ይታሰር።

ሽሙጡ ለአፍታ ይቁም። ፈዘው በቆሙ ሦስት ኦገሮች ላይ ፋየርቦል የሚወረውር ሰው የሚያናድደው ባለማወቁ አይደለም፤ እየተነገረው ነው የሚያደርገው። በሂፕኖቲክ ፓተርን የተያዘ ጠላት አንዲት ነጥብ ጉዳት ከደረሰበት ይነቃል። ድግምቱ ላይ ተጽፏል፣ ጓደኛውም «እንዳትነኳቸው» ብሎ ጮኋል። የሌላ ሰው ተራ፣ ስሎትና ሐሳብ ገደል ከትቶ «ካራክተሬ እንዲህ ነው» እያሉ መሣቅ ንቀት ነው። ጓደኛው እኮ ተራው እስኪደርሰው ሃያ ደቂቃ ጠብቆ ነበር።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ጌታው ለጓደኛ ያላቸው ፍቅር ልዩ ነው። የፋየርቦል ራዲየስ 20 ጫማ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ባለ 5 ጫማ ስምንት ካሬ ይሸፍናል፤ ማዕዘንም ይዞራል። ኢቮኬሽን የተባለውን የድግምት ዘርፍ የመረጠ ዊዛርድ ከሁለተኛ ሌቭል ጀምሮ አንድ ሲደመር የድግምቱን ሌቭል ያህል ሰው፣ በፋየርቦል አራት ሰው፣ ከእሳቱ ያተርፋል። ጌታው ኢቮኬሽን አልመረጡም። እሳቱ ውስጥ ስለሚቀረው ተዋጊ ጓደኛቸው «ፋይተሩ ይችለዋል» ይላሉ።

የእሳቸው ተቃራኒ የሆኑት እመቤት እንዳይቀየሙን ጥቂት እናመስግናቸው። ዘጠኙንም ኮንሰንትሬሽን (ያልተቋረጠ ትኩረት) የሚፈልግ ድግምት አድርገዋል። መያዝ የሚቻለው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሲጀመር የመጀመሪያው ይበተናል። ስለዚህ ስምንቱ ለጌጥ ናቸው። አንዲቷንም ቢሆን ዱላ ሲያገኛቸው በኮንስቲትዩሽን ሴቭ መያዝ አለባቸው፤ ዲሲው 10 ወይም የጉዳቱ ግማሽ ነው፣ የበለጠው። በኮንስቲትዩሽን 14 ዲሲ 10ን ከመቶ 65 ጊዜ ያልፋሉ፣ ዋር ካስተር የተባለውን ልዩ ችሎታ ከወሰዱ 88 ያህል። እሳቸው ግን በዋር ካስተር ፋንታ ሌላ ማራኪ ነገር ወስደዋል።

እኛ ተራ ሰዎች በየሴቩ የሚለያዩ ሁለት ማሰሪያዎች፣ አንዱ በዴክስተሪቲ፣ አንዱ በዊዝደም፤ ከዚያም አንድ ፋየርቦል፣ አንድ ማጂክ ሚሳይል፣ ለክፉ ቀን መከላከያው ሺልድና ማምለጫው ሚስቲ ስቴፕ ይዘን እንኳትናለን። ጎሌም (በድግምት የሚንቀሳቀስ ሐውልት) ሲመጣ በማፍዘዝ አይያዝም፣ ድሩን እንዘረጋለን። ጌታው እንዲህ ያለ ጣጣ የለባቸውም። ዲኤሙ ከቀጣዩ በር ኋላ ቀይ ድራጎን አስተኝቷል፤ እሳት ጨርሶ አይነካውም። ጌታው ስምንቱን ዳይስ ማንኳኳት ጀምረዋል።