«ፈራሁ» ማለት ነውር አይደለም

ያነበብሁት አንድ ጽሑፍ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ ጠልቆ መዋኘትን ለሚማሩ ሰዎች «ፍርሃታችሁን ናቁት» ብሎ መምከሩ አልተዋጠልኝም። ያደግሁት ጎንደር ነው። ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚሞላው የፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ በጥምቀት ዘልዬ ገብቻለሁ፤ ውሃ አያስፈራኝም ብዬ አምን ነበር። ጅቡቲ ላይ ትምህርቱን ስጀምር ግን የመጥለቂያ መነጽሬ ውስጥ ውሃ ሲገባ ደንግጬ ተነሣሁ፤ ያውም ውሃው ከደረቴ አያልፍም ነበር። አገራችን ወንድ ልጅ ፈራሁ አይልም፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልሁ። የጎዳኝም ዝምታው ነው።

በመጨረሻ ለአሠልጣኙ ነገርሁት። እዚያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ተንበርክከን ቀና ማለትን፣ የመነጽሩን የላይኛውን ጠርዝ ግንባር ላይ መጫንን፣ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስን ደጋግመን ሠራን። ውሃው በሥር በኩል ይወጣል። የተጨነቀ ሰው ቶሎ ቶሎ፣ አጭር አጭር ይተነፍሳል፤ የተቃጠለው አየር በደንብ ስለማይወጣ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ አየር ያለቀ ይመስለዋል። መፍትሔው ትንፋሽን በረጅሙ ማውጣት ነው። ትንፋሽን መያዝ ግን ፈጽሞ አይገባም፦ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ በውሃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ነው፤ አየር ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው፣ ግፊቱ ሲቀንስ አየሩ ስለሚሰፋ፣ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ይህን የሚያህል አደጋ ያለበትን ነገር እንዴት ናቁት ይባላል?

ለጎንደር ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ በጥልቀት ሳላችሁ ሰውነታችሁ ውስጥ የገባው ጋዝ አረፋ ሆኖ ሊጎዳችሁ ይችላል፤ ከባሕር እንደወጣችሁ በአውሮፕላንም በመኪናም ወደ ደጋ አትቸኩሉ፤ ለበረራ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ።