ቁርጡ ለማን ይነገር?

አሜሪካ ውስጥ የካንሰር ውጤት አርብ ማታ በስልክ ይመጣል። ሐኪም ደውሎ አይደለም። ስልኩ ራሱ ጮኾ "አዲስ የምርመራ ውጤት አለዎት" ይላል፣ በቃ።

የአክስቴም እንደዚሁ ነው የመጣው። እትዬ እንግሊዝኛ አያነቡም። አፑን የጫነላቸው የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እራት ላይ ሆኖ ከፈተውና ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ እናቱን "ማሚ፣ ካርሲኖማ ምንድን ነው?" አላት። ካንሰር ማለት ነው። ጉርሻ በእጃችን እንደያዝን ቀረን። እትዬ ደግሞ "ምን አለ? ኧረ ምን አለ?" እያሉ ሁላችንንም በየተራ ያዩናል። ሐኪሟ እስከ ሰኞ አትገኝም። ክሊኒኩ ሲደወልለት "ድንገተኛ ከሆነ 911 ይደውሉ" የሚል ማሽን ነው የሚያነሳው።

በኋላ ሳጣራ ነገሩ ሕግ ነው። በፈረንጅ በ2016 የወጣ ሕግ አለ፤ እሱን ተከትሎ ከ2021 ሚያዝያ ወዲህ ሥራ ላይ በዋለው ደንብ ሆስፒታሎች የታካሚን ውጤት ያለ በቂ ምክንያት ይዘው መቆየት አይችሉም። ሐሳቡን አልጠላውም። ገላው የእሳቸው፣ ወረቀቱም የእሳቸው ነው። ድሮ የራስን ፋይል ለማየት ደጅ መጥናት ነበር። ግን ኧረ ጎበዝ፣ እኛ ሞት ለማርዳት እንኳ ሌሊቱ እስኪነጋ እንጠብቃለን። ሰውየው ብቻውን ነው ወይ፣ ልቡ ደካማ ነው ወይ፣ ማን ቢነግረው ይሻላል ብለን እንመካከራለን። እዚህ ግን በቆሎ ቀቅለው እራት ላይ የተቀመጡ አሮጊት ላይ ስልክ ያረዳል።

ሰኞ ሆስፒታል አብሬያቸው ሄድኩ። እኔ ላስተርጉም ብል ነርሷ በትህትና እምቢ አለች። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ልጆችን ደግሞ ከድንገተኛ ጉዳይ በቀር እንዲያስተረጉሙ ማድረግ አይፈቀድም። ጎማ ያለው ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ታብሌት እየገፋች መጣች። ስክሪኑ ላይ ከረባት ያሰረ አንድ ሐበሻ ብቅ አለ። ደስ አለኝ። እትዬ ሚዛን ላይ ሊወጡ ኮሪደር እንደወጡ ሐኪሟ ገባች፣ እኔም ወደ ታብሌቱ ጠጋ ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። "ወንድሜ፣ እባክህን ካንሰር ካለች፣ እብጠት በላቸው።"

ሰውየው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ቁልጭ ባለ እንግሊዝኛ ወደ ሐኪሟ ዞሮ፣ "የታካሚዋ ዘመድ፣ ካንሰር ሲባል እብጠት ብዬ እንዳስተረጉም ጠይቃኛለች" አላት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ለካ የአስተርጓሚዎች ሥነ ምግባር ክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ እንዲያስተረጉሙ ያዛል፤ ምስጢር ተካፋይ መሆን የለም። የአገሬ ልጅ ነው ብዬ የተማመንኩበት ሰው ከሐኪሟ በላይ ፈረንጅ ሆኖ አረፈው።

ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም። እትዬ ተመልሰው ሲቀመጡ ወንበሯን አስጠግታ፣ "ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለርስዎ ልንገርዎት ወይስ ለቤተሰብዎ?" ብላ ጠየቀቻቸው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከሐኪም አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እትዬ ትንሽ አሰቡና፣ "ለሷ ንገሪያት፣ እኔ ግን እዚሁ ቁጭ ብዬ ልስማ" አሉ። አስተርጓሚው ይህንንም አስተረጎመ። ሐኪሟም እንደተባለችው ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ለእኔ ነገረችኝ፤ እትዬ እጃቸውን አጣጥፈው ሰሙ። ሲያልቅ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "መድኃኒቱ ጾም ያስፈታል ወይ?"

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ የተጠየቀው ሰኞ፣ ስልኩ መልሱን የዘረገፈው አርብ!

አሜሪካኖች ሁልጊዜም እንዲህ ነበሩ ማለት አይደለም። በ1961 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ ቺካጎ ያሉ ከ200 የሚበልጡ ሐኪሞች ተጠይቀው 90 በመቶ ያህሉ ካንሰር የያዘውን ሰው ካንሰር እንደያዘው አንነግረውም ብለው ነበር። ልክ እንደኛ! በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶው እንነግራለን አሉ። በመሀል ብዙ ነገር ተለውጧል። መድኃኒቱ ተሻሽሏል፣ ሰዉም መብቴ ማለት ጀምሯል። ከሁሉ የባሰው ግን አላባማ ውስጥ፣ ተስኪጊ ላይ የሆነው ነው። ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት የጤና ሰዎች 600 ያህል ድሃ ጥቁር ወንዶችን "ደማችሁ ተበላሽቷል" እያሉ ሲከታተሉ ኖሩ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን መጥቶ ቂጥኝ የሚድን በሽታ ከሆነ በኋላ እንኳ እንዳያገኙት ተደረገ። ጉዱ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አገር ሲንጫጫ ነው በ1979 ቤልሞንት የሚባለው የምርምር ሥነ ምግባር ሰነድ የወጣው፦ ሰውን ማክበር፣ መልካም ማድረግ፣ ፍትሕ። ዛሬ ተማሪ ሐኪም የሚሸመድዳቸው ለራስ መወሰን፣ መጥቀም፣ አለመጉዳትና ፍትሕ የሚባሉት አራቱ መርሆችም በዚያው ዓመት በመጽሐፍ ታተሙ። ስለዚህ "እውነቱን ንገሩት" የሚለው ነገራቸው ከጭካኔ የመጣ አይደለም፤ የተቃጠሉበት ነው።

አገር ቤትስ? አባዬ በታመመ ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩ። የሆስፒታሉን ስም ተዉት። ወጣቱ ሐኪም ከተማሪዎቹ ጋር መጣ፣ አልጋውን ከበቡት፣ ከዚያ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ "ወደ ጉበቱ ተሰራጭቷል፣ ብዙ የምናደርገው የለም" አለኝ። በሽተኛው እንዳይሰማ መሆኑ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ታማሚዎች አሉ፣ አስታማሚዎቻቸው አሉ፣ ሁሉም ጆሮውን አቁሟል። አባዬ ደግሞ ዕድሜ ልኩን እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው!

ዘመድ ተሰብስቦ "እንዳይነገረው፣ ይደነግጣል" ብሎ ወሰነ። ጨጓራ ነው አልነው። እሱም ጨጓራ ነው ብሎ ወተቱን ጠጣ። እያወቀ። እኛም እንደሚያውቅ እያወቅን። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በመሬት ጉዳይ ተኳርፎ ነበር፤ "ጥሩልኝና እንታረቅ" ቢል መሞቱን ማወቁ ሊነቃበት ነው፣ ስለዚህ ዝም አለ። አጎቴ ለቀብር ነው የደረሰው። ይህን ስጽፍ አሁንም እናደዳለሁ። ሐኪሙንም፣ ዘመዱንም፣ ያንን ወተትም።

ሕግ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ላይ ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራና ሕክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ተጽፏል። አሜሪካኖቹ ገና ከታካሚ ሲደብቁ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። በእኛው በ2006 የወጣው የጤና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299ም ስለ ታካሚ ፈቃድና ስለ ምስጢር ደንግጓል። ግን ለማያውቀው በሽታ ምኑን እምቢ ይላል? ኦፕራሲዮን ሲሆን ነርሷ ኮሪደር ወጥታ "ቤተሰብ ማነው? ይፈርም" ትላለች። በሽተኛው አልጋው ላይ ሆኖ፣ አፉ እየሠራ፣ እጁ እየሠራ፣ ወንድ ልጁ ይፈርምለታል።

ምስጢርማ አይነሳ። ሰሞኑን ቲክቶክ ከፍቼ አንድ ጋውን የለበሰ ሰው የታመመ ሕፃን አልጋ አጠገብ ቆሞ ሲቀርጽ አየሁ። የልጁ ፊት ይታያል፣ የእናቱ እንባ ይታያል፣ በሽታው በስሙ ይጠራል። ሥር ያለው አስተያየት ሁሉ "እግዚአብሔር ይባርክህ ዶክተር" ነው። አንድ ሰው እንኳ እናቲቱ ተጠይቃ ነበር ወይ አላለም። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲም ብንሆን አንሻልም። እርዳታ ይሰብሰብ ሲባል መጀመሪያ የሚለጠፈው የበሽተኛው ፎቶ ነው፣ ቱቦው በአፍንጫው እንዳለ። እትዬ ሕመማቸውን ለንስሐ አባታቸው ብቻ ነው የነገሩት። ቅዳሴ ሲያልቅ ግን ሦስት ሴትዮዎች ከበቡኝ፦ "ምን አገኙባት?" ደህና ናቸው ብል አንደኛዋ "እኔ እኮ ነርስ ነኝ፣ ለእኔ ብትነግሪኝ ምንም አይደል" አለችኝ። ነርስ በመሆኗ ነው እኮ መጠየቅ የማይገባት!

በ1992 አንዲት ኢትዮጵያዊት የሕክምና አንትሮፖሎጂስት እዚሁ አሜሪካ፣ ለኛ ሰው ክፉ ወሬ መጀመሪያ ለቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቢነገርና በሱ በኩል ቢደርስ ይሻላል ብላ ለሐኪሞች ጽፋ ነበር። እኔ እንኳ ትንሽ እለያለሁ፤ ታካሚው ራሱ ቀድሞ ይጠየቅ ነው የምለው። እትዬን ብትጠይቁ አላበዱም፣ አልወደቁም። እንዲያውም ለሁላችንም ሥራ አከፋፈሉን።

እዚህ አገር ወላጅ ያላችሁ እንግዲህ፣ አፑን ለልጅ አታስጭኑ። የውጤት ማሳወቂያውን ከስልኩ ላይ ማጥፋት ይቻላል፣ አጥፉት። የክሊኒኩ ጸሐፊ "ሂፓ አይፈቅድም" ብላ ብትመልሳችሁ አትመኑ፤ በ1996 የወጣው ያ የታካሚ ምስጢር ሕግ ታካሚው ካልተቃወመ ሐኪም ለቤተሰብ እንዲናገር ይፈቅዳል። ፎርም ይፈረም ካለቻችሁ ወላጃችሁን አስፈርሟቸው። ካስተርጓሚው ጋር ደግሞ አትንሾካሾኩ።