የአውራ ጣቴ ዘመን አቆጣጠር

በእኛ አገር እንቅፋት የመታው ሰው ራሱ «ወይኔ!» ለማለት ጊዜ አያገኝም፤ አጠገቡ ያለው ሰው «እኔን!» ብሎ ይቀድመዋል። እኔን ይምታኝ፣ በአንተ ፈንታ እኔ ልታመም ማለት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ማዶ ቀኝ እግሬን እየጎተትሁ በሄድሁባቸው ሳምንታት የተቀበልሁት «እኔን» ሁሉ ቢሠራ ኖሮ፣ የከተማው ሕዝብ እኩሌታው ማነከስ ነበረበት። ያነከስሁት ግን ብቻዬን ነው።

ጥፋቱ የድንጋይ አልነበረም፤ የጫማ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ በዋለው እሑድ የእህቴ ልጅ ሚስት አገባ። የሙሽራ አጎት በአሮጌ ጫማ አይታይም። ገበያ ወጥቼ አፍንጫው የሾለ፣ ፊት የሚያሳይ ጥቁር ጫማ ወደድሁ። የእኔ እግር 42 ነው፤ የቀረው ጫማ 41። ነጋዴው ጣቱን ጫማው ውስጥ ሰድዶ እየወጠረ፣ «ጋሼ፣ ቆዳ እኮ ነው፤ ይሰፋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቆዳ ይሰፋል። የበሬው ቆዳ ይሁን የእኔ ግን አልጠየቅሁትም።

ባሕር ዳር ላይ ተሠርጎ ጣና ዳር ፎቶ ካልተነሡበት ጋብቻው የጸና አይመስልም። ስለዚህ ሙሽሮቹን ተከትለን ሐይቁ ዳር ወረድን። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ» እያለ ከዘንባባው ሥር እስከ ጀልባዎቹ ድረስ ሲያመላልሰን፣ ጣቶቼ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ «ጠጋ፣ ጠጋ» ይባባሉ ነበር። ይህ ሁሉ ግን መክሰስ ነው፤ እራቱ ጭፈራው ነበር። እስክስታ የትከሻ ጨዋታ ነው የሚል ሰው ጎጃም ሠርግ ቤት ገብቶ አያውቅም። ትከሻ ይበደራል፤ እግር ይከፍላል። በዘለልሁ ቁጥር አውራ ጣቴ የጫማውን ግድግዳ ይደልቃል። መጨረሻ ላይ የሙሽራዋ አጎት ደስታው አነሣሥቷቸው ወደ ላይ ተወረወሩና ከነክብደታቸው እግሬ ላይ አረፉ። «እኔን!» አሉ፤ ከእግሬ ላይ ሳይወርዱ።

ማታ ጫማውን ሳወልቀው ጥፍሬ ሐምራዊ ሆኗል። ሲነጋ ጠቁሯል። ሌሊቱን ልቤ ከደረቴ ወርዶ አውራ ጣቴ ውስጥ ሲመታ አደረ። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ሌላ ቦታ ብንመታ ደሙ በቆዳ ሥር ይሰራጫል፤ ቦታው ያብጣል፣ ይበልዛል፣ ያልፋል። ጥፍር ሥር የፈሰሰ ደም ግን መሄጃ የለውም። ከላይ የማይለጠጥ ጣሪያ፣ ከታች አጥንት። የሚጠዘጥዘው መውጫ ያጣ ደም እዚያው ሲገፋ ነው። ነጋዴው እንኳ «ይሰፋል» ሊለው የማይችለው ቤት ይህ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ቡና ላይ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሆነህ ነው?» አልነበረም። «ቀኙ ነው ግራው?» የሚል ነበር።

«ቀኙ ነው።»

«እሰይ! ቀኙ ከሆነ ገድ ነው» አሉ ጎረቤታችን፣ የደስ ደስ ያለው ዜና እንደ ሰማ ሰው ሲኒያቸውን እያስቀመጡ። ገዱ እስኪመጣ ድረስ ግን ፌጦ በሎሚ አድርጌ እንድቀባው አዘዙ። አጠገባቸው ያሉት ፌጦውን ሽረው ለብ ያለ ውሃ በጨው አሉ። ሦስተኛዋ ሁለቱንም ሽረው ጠበል አሉ። ከበር በኩል ደግሞ «ዓይን ነው፤ አዲስ ጫማ አይተውበት!» የሚል ድምፅ መጣ። እኔም ያን ለት ወደ እግሬ የተመለከተ ሰው ለማስታወስ ሞከርሁ። ያን ያህል ገንዘብ ከፍዬ አንድ ሰው እንኳ ወደ ታች አላየም ነበር፤ ይህ ከጣቴ ይልቅ አመመኝ።

ክብሬን ለማዳን፣ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ የተሰጠው ጫማ አልመች ቢለው አውልቆ ጥሎ፣ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ እንደ ጨረሰ አስታወስኋቸው። ባለቤቴ ጀበናዋን እንደ ያዘች፣ «ታዲያ እሱ አወለቀው እኮ» አለች። ቡናው በዚሁ ተጠጣ።

ከሁሉ የባሰው የሙሽራው ሚዜ ነው። ወጣት ነው፤ ሁሉን ነገር በስልኩ ያውቃል። ክብሪትና መርፌ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ መርፌውን አግለን ጥፍሩን በሳ ብናደርገው ደሙ ፊን ብሎ ይወጣል፤ ወዲያው ይተውዎታል።» እግሬ አውጪኝ ብዬ እንዳልሮጥ አውጪው ራሱ ታሟል። ተነሥቼ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ይህ የሆነው በአራተኛው ቀን መሆኑ ነው። የምክር ወረፋ ረጅም ስለሆነ ሐኪም ዘንድ የምንደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ሲስተሯ ጣቴን አገላብጣ አየች፤ አጥንቱ እንዳይሆን ነካ ነካ አደረገችው። ስኳር እንዳለብኝ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቀችኝ። የሚዜውን ነገር ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። መበሳቱስ አለ፣ አለችኝ። ሕመሙ ሲበረታና ቶሎ ሲመጡ፣ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ውስጥ፣ ባለሙያ በንጹሕ መሣሪያ ጥፍሩን ይበሳና ደሙን ያስወጣዋል፤ ሰውየው እዚያው እፎይ ይላል። አሁን ግን ደሙ ረግቷል፤ ቢበሱት የሚወጣ ነገር የለም። ቤት ውስጥ በልብስ መርፌ የሚበሳ ሰው ደግሞ ደም አስወጣለሁ ሲል መግል ያስገባል። ስለዚህ ሚዜው ያወቀውስ ልክ ነው፤ ያላወቀው መቼና ማን የሚለውን ነው።

«መቼ እንደ ሆነ ያስታውሳሉ?» አለችኝ።

«ከጥምቀት በኋላ በዋለው እሑድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። የሙሽራዋ አጎት።»

«ጥሩ። የሚያሳስበን ሰበቡ ያልታወቀ ጥቁረት ነው።»

ደም ከሆነ ከጥፍሩ ጋር አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከኋላው ንጹሕ ጥፍር ይተካል። ሳይመታን የመጣ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ እንደ መስመር የተጋደመ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ጥፍሩን አልፎ ቆዳውን የሚያጠቁር ከሆነ ግን ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። እንደኛ ጠይም በሆነ ሰው ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው፤ አብዛኛው ጉዳት የለውም። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ የቡና ማኅበር አይደለም።

ስመለስ የተሳፈርሁበት ባጃጅ የኋላ መስታወት ላይ ቦብ ማርሌ ፀጉሩን በትኖ ይስቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘበትን ካንሰር ብዙ ሰው የኳስ ጉዳት ነው ይለው ነበር። በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ባጃጁ ሲያንገጫግጨኝ እንኳ አልተማረርሁም፤ እስከ ቤቴ ድረስ የሙሽራዋን አጎት እያመሰገንሁ ሄድሁ። ሰበቡን የሚያውቁት ጥቁረት ማለት እሳቸው ናቸው።

ሲስተሯ ስትሸኘኝ የነገረችኝን ግን ለማንም አልተናገርሁም። የእግር ጥፍር በወር የሚያድገው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ለአንድ ምሽት ዝላይ የዓመት ከመንፈቅ ቅጣት! ከዕቁብም ይረዝማል።

ጫማውን ለሚዜው ሰጠሁት። የእሱ እግርም 42 ነው። እውነቱን ነግሬው ነበር። «ግድ የለም ጋሼ፣ ቆዳ ነው፤ ይሰፋል» አለኝ።

መጋቢት ላይ ከጥፍሬ ሥር እንደ አዲስ ጨረቃ የጠራች ነጭ ቅርፊት ብቅ አለች። ያን ሰሞን እንግዶች ይዤ በጀልባ ዜጌ ተሻገርሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ጫማ ሲወልቅ ነው ካልሲዬ በአውራ ጣቱ በኩል መስኮት እንዳለው ያስታወስሁት። ጥቁሯ ጥፍር በመስኮቱ ብቅ ብላ የመጣውን የሄደውን ታያለች። አንዲት እናት አዩአትና «እኔን ልጄን!» አሉ። ግራ እግሬን በላይዋ ደርቤ ቅዳሴውን በአንድ እግር እንደ ሽመላ ቆምሁ።

በግንቦት ሙሽራዋ መጽነሷ ተሰማ። ሰፈሩ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ወሩን በጣቱ ይቆጥር ጀመር፤ እኔም በጣቴ ቆጠርሁ፣ የእኔው ግን የእግር ነው። ጥቁሩ መሐል ሲደርስ ነሐሴ ነው። ጥቁሩ ከሦስት እጅ ሁለቱን ሲያልፍ ልጁ ተወለደ፤ ጥቅምት። ቆጣሪዎቹ ዘጠኝ ወር ሞልቶ ጥቂት ቀን ስለ ተረፈው ቅር እያላቸው ተበተኑ። ሰው ከምንም ተነሥቶ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ሃያ ጥፍር አውጥቶ እስኪወለድ ድረስ የእኔ አንዲት ጥፍር ሥራዋን አልጨረሰችም።

በአርባኛው ቀን ለክርስትናው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እኔ ክፍት ጫማ አድርጌያለሁ፤ ከጥቁሩ የቀረው ጫፉ ላይ እንደ ጥላሸት ያለ ጠርዝ ነው። ደጃፉ ላይ ከተደረደረው ጫማ መካከል አፍንጫው የሾለ፣ ፊት የሚያሳይ ጥቁር ጫማ አየሁና ልቤ ደንገጥ አለ። ባለቤቱ ከውስጥ ወጣ፤ ሚዜው። ቀኝ እግሩን በተረከዙ እየረገጠ፣ ግድግዳውን ይዞ ወደ ጫማው መጣ።

«እኔን!» አልሁ፤ ጣቶቼን ክፍት ጫማዬ ውስጥ ሰብሰብ አድርጌ።