የአራት ሰከንድ ሊቃውንት

የማኪያቶ ዳኞች ሆይ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ! እናንተ ባትኖሩ ጂምናስቲክን ማን ይጠብቀው ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ ለ10 ሰዓት የቀጠርኩት ወዳጄ 11 ሰዓት ላይ መጣ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ደቅኖ፣ «ያቺ አሜሪካዊት መነጠቋ ልክ ነው! ሕግ ሕግ ነው!» አለኝ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ፓሪስ 2024፣ የወለል ጂምናስቲክ ፍጻሜ። ጆርዳን ቻይልስ 13.666 ተሰጣት። አሰልጣኞቿ አቤት አሉ፤ 13.766 ሆነ፤ ነሐስ። በ13.700 ሦስተኛ ነኝ ብላ ባንዲራ ይዛ የፈነደቀችው ሮማኒያዊት አና ባርቦሱ እያለቀሰች ወጣች። ከቀናት በኋላ የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት «አቤቱታው ነጥቡ ከታየ በኋላ ከተፈቀደው የ1 ደቂቃ ገደብ በ4 ሰከንድ ዘግይቷል» አለ። ነሐሱም ለሮማኒያ ሆነ።

እኔ መሃይሙ 4 ሰከንድን እንደ ዋዛ ነበር የማያት። አንዴ አስነጥሶ «ይማርህ» እስኪባል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ብሎ ረዳቱ እስኪሰማ። ለካ ሜዳልያ ያህል ኖሯል! የወዳጄ አንድ ሰዓት ስትመነዘር 900 ባለ አራት ሰከንድ ትወጣታለች። 900 ነሐስ በልቶ ነው የመጣው። 6 ሰዓት ተብሎ 9 ሰዓት የሚቀርበው የሠርግ ምሳ ደግሞ 2,700 ነሐስ ነው፤ ከነአጃቢው። ካልሲውን እየፈለገ «ደርሻለሁ፣ ጥግ ላይ ነኝ» የሚለውንማ ማን ይቆጥረዋል? የቡካሬስት ካዝናም አይችለው።

ግን ያናድዳል! ደቂቃዋን መቁጠር የልጆቹ ሥራ ነበር እንዴ? ከዘገየ «አልፏል» ብሎ የሚመልስ አንድ ሰው ጠፋ? ደንቡን የሚያስፈጽም ዘዴ እንዳልነበረ ፍርድ ቤቱ ራሱ ተናግሯል። ተቀበሉ፣ ነጥብ ቀየሩ፣ አንገቷ ላይ አጠለቁ፤ ከዚያ «አምጪ!» አንዷን አስለቅሰው ሰጡ፣ ሌላዋን አስለቅሰው ነጠቁ። ሰዓት የያዘው አዋቂ ግን ቤቱ ገብቶ ተኛ።

ደግሞ እኮ አቴንስ 2004 ላይ የደቡብ ኮሪያው ያንግ ቴ ዮንግ የመነሻ ነጥቡ (ለሥራው ክብደት የሚያዘው) በ0.1 ተቀንሶበት፣ ስህተቱም ታምኖ፣ አቤቱታው ግን ዘግይቷል ተብሎ ወርቁ ከአሜሪካዊው ፖል ሃም አልተነሳም። ያኔ የዘገየ አቤቱታ ስህተቱን አዳነው፤ ፓሪስ ላይ ደግሞ እርማቱን ገደለው። እንዴት ያለ ወጥ ሕግ ነው!

ወዳጄ ሲነሳ «እሑድ በ4 እንገናኝ» አለኝ። «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ስለው ተቀየመኝ።