ሳበው ባዩ

ኮምፒውተር ላይ፣ በበረራ መለማመጃው በሲሙሌተር፣ ትንሽ አውሮፕላን ማሳረፍ የሚለማመድ ልጅ ከወንበሩ ጀርባ አማካሪ አያጣም። ጅማ ውስጥ ደግሞ አማካሪው ባዶ እጁን አይቆምም፤ በአንድ እጁ ስኒ፣ በሌላው ጭብጥ ሙሉ ፈንዲሻ ይዞ ነው። ቡናው የሚፈላው ሳሎን ነው፤ ኮምፒውተሩም ያለው እዚያው ሳሎን ነው፤ ከረከቦቱ እስከ ጆይስቲኩ ሁለት ክንድ አይሞላም። ትንሿ አውሮፕላን፣ ሴስናዋ፣ ማኮብኮቢያው ጋ ልትደርስ ስትል፣ መሬት ስክሪኑ ላይ እያበጠ ሲመጣ፣ ሰውየው ስኒውን ከከንፈሩ ያወርድና «ሳበው! ኧረ ሳበው!» ይላል። ከጓዳ ደግሞ ስክሪኑን ፈጽሞ ያላዩት እትዬ በኦሮምኛ «ሀርኪሲ!» ብለው ያግዙታል። ምክሩ በሁለት ቋንቋ ተሰጠ፤ በሁለቱም ስህተት ነው።

ልጁ መሪውን ይስባል። እንዴት አይስብ? ታላቅ ሰው ተናግሯል። የሴስና 172 አፍንጫ ቀና ይላል፤ አውሮፕላኑ ለሁለት ሰከንድ ከፍ ያለ ይመስላል፤ ሰውየውም «እንዲህ ነው!» ብሎ ፈንዲሻውን ይቆረጥማል። ከዚያ ፍጥነቱ ከ65 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ወደ 55፣ ከ55 ወደ 45 ይንሸራተታል። ክንፉ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ እንደ ተሰነጠቀ ዋሽንት ማላዘን ይጀምራል። ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው አፍንጫው ዘፍ ይላል። ስክሪኑ ይጠቁራል። «ኤጭ! ቀድመህ ብትስበው ኖሮ» ይላል አማካሪው፣ ሁለተኛውን ስኒ እየተቀበለ።

በመጨረሻው አቀራረብ ላይ ነገሩ ከሚመስለው ግልባጭ ነው። መሪው የሚያዝዘው ፍጥነትን ነው፤ ከፍታን የሚያዝዘው የሞተሩ ጉልበት መቆጣጠሪያ፣ ስሮትሉ፣ ነው። ዝቅ ካልክ ጉልበት ትጨምራለህ፤ የሞተሩን የደቂቃ ዙር በመቶ፣ ቢበዛ በሁለት መቶ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ከፈጠንክ አፍንጫውን በጣት ስፋት ቀና ታደርጋለህ። ዝቅ ማለትና ከፍ ማለትህን የሚነግርህ ደግሞ ከጀርባህ የቆመው ሰው ሳይሆን የፊት መስታወቱ ነው። ማኮብኮቢያው መጀመሪያ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች እያቸው፤ በመስታወቱ ላይ ወደ ላይ እየወጡ ከሆነ ሳትደርስ ትወድቃለህ፤ ወደ ታች እየሸሹ ከሆነ አልፈሃቸው ትሄዳለህ፤ ባሉበት ከቆሙ የምትሄደው ወደ እነሱ ነው። ማኮብኮቢያው ዳር አራት መብራት የተተከለ እንደሆነ ደግሞ ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ማየት አለብህ። አራቱም ነጭ ከሆኑ በጣም ከፍ ብለሃል። አራቱም ቀይ ከሆኑ የሰው ጣሪያ ላይ ልትወጣ ነው።

ይህን ሁሉ በመጨረሻዋ ደቂቃ መማር አይቻልም፤ የኔ ቅሬታም እዚህ ላይ ነው። ሳበው ባዩ ቀድሞ የት ነበር? አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ሲበር፣ ሥራው ሁሉ የሚሠራው ያኔ ሆኖ ሳለ፣ እሱ የስኳር ዋጋ ያወራ ነበር።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያለው ሰው አውሮፕላን የሚባል ነገር አላየም፤ ግን የበረራ አስተማሪዎች በምዕራፍ የሚያስረዱትን በአራት ቃል ጨርሶታል። ከማረፊያው ቁጥሮች ትክክል ስትደርስ ስሮትሉን ወደ 1,500 ዙር ታወርዳለህ፤ ፍጥነቱ ከ110 ኖት በታች መሆኑን አይተህ ፍላፑን፣ ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፈውን ሳንቃ፣ 10 ዲግሪ ትለቃለህ። ቁጥሮቹ በትከሻህ አልፈው ወደ ኋላ ሲሸሹ ትታጠፋለህ፤ ከ85 ኖት በታች ሆነህ ፍላፕ 20፣ ፍጥነት 70 አካባቢ። ከማኮብኮቢያው ጋር ፊት ለፊት ስትገጥም ፍላፕ 30፣ ፍጥነት 65። እጅህ መሪውን መግፋት ወይም መሳብ እንዳይጠበቅበት ትሪሙን ታስተካክላለህ። ከመሬት 500 ጫማ ላይ ስትደርስ መታጠቅ አብቅቷል፤ የቀረ ነገር ካለ ማረፉን ትተህ ሌላ ዙር ትዞራለህ። ፍላፕ የሚፈልግ፣ ፍጥነት የሚያሳድድ፣ መስመር የሚያስተካክል ሰው 100 ጫማ ላይ ሲታይ መናኸሪያ ውስጥ መኪናው እየተንቀሳቀሰ ጣሪያ ላይ ፍራሽ የሚያስረውን ረዳት ይመስላል። ፍራሹ አጋሮ አይደርስም።

ይህን አባባል የምወደው ለአውሮፕላን ብቻ አይደለም። ሠርጉ ቅዳሜ ሆኖ ዳሱ ቅዳሜ ጠዋት ይጣላል፤ ድምፅ ማጉያው ሙሽሮቹ በር ላይ ቆመው ይሞከራል፤ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት»። ከዚያ ማይኩ ለአንድ የተከበሩ ሰው ይሰጣል። እዚህ ላይ ቂሜን ላውጣ። ሰውየው «አጭር ንግግር አደርጋለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ሃያ ደቂቃ ቆይተው «በመጨረሻም» ይላሉ፤ ሕዝቡ ወንበሩ ላይ ይስተካከላል፤ ጎማ ሊነካ ነው። አይነካም። «ለማጠቃለል ያህል» ይከተላል፤ ጎማው ትንሽ ጫር ያደርግና ተመልሶ ይነሳል። «ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ»። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አስተናጋጁ ሳህን እንደያዘ ቆሞ ይቀራል። እኚህ ሰው ማረፍ ያቃታቸው ለምን እንደሆነ ማንኛውም ሲሙሌተር የነካ ልጅ ያውቀዋል፤ ሲመጡ ፈጥነው ነው የመጡት። በ65 ኖት ማረፍ የሚገባው ሴስና በ80 ሲመጣ የሚሸከመው ጉልበት አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና። ያ ትርፍ ካላለቀ አይወርድም። በተለይ ከመሬት ያለው ርቀት ከክንፉ ርዝመት፣ ማለትም ከ11 ሜትር ካነሰ በኋላ፣ ከክንፉ ሥር ያለው አየር እንደ ፍራሽ ያንሳፍፈዋል። ማኮብኮቢያው ከሥሩ እየሸሸ ያልቃል። አብራሪው መግፋት ይጀምራል፤ ሲገፋ የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታል፤ ይነጥራል፤ እንደገና ይገፋል፤ እንደገና ይነጥራል። ሦስተኛው ንጥረት ላይ የፊት ጎማው እግር ይሰበራል። ተናጋሪው ግን ምንም አይሰበርባቸውም፤ ጭብጨባ ተሰጥቷቸው ይቀመጣሉ። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ሲሙሌተር እንኳ ስክሪኑን አጥቁሮ «ተከስክሰሃል» ይላል፤ እኛ እናጨበጭባለን!

ወደ ሳሎኑ እንመለስ፤ ልጁ እንደገና ሊሞክር ነው። ሳበው ባዩ ደግሞ «ከቦሌ ጀምር እንጂ!» እያለው ነው። አትስማው። ከአዲስ አበባ ጅማ በቀጥታ መስመር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሴስና ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንድ ሰዓት በርሮ አንዴ የሚከሰከስ ሰው የተማረው መከስከስን ነው። ከማኮብኮቢያው ሦስት ማይል ወጣ ብለህ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ሆነህ ትጀምራለህ፤ ያንን ቦታ ሴቭ ታደርጋለህ፤ አሥር ጊዜ ትመላለሳለህ። አሥሩ በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ መብራት ካልሄደ ማለት ነው። መብራት ደግሞ የሚሄደው አቀራረቡ ያማረ ጊዜ ነው።

የመማሪያ ቪዲዮዎቹ ሌላ ጣጣ አላቸው። በብዛት የሚቀረጹት ባሕር ዳር ነው፤ ከተማዋን ማለቴ አይደለም፣ የውቅያኖስ ዳር ለማለት ነው። «1,000 ጫማ ላይ ሆነህ ዙር» ይላሉ። ጅማ ላይ ከፍታ መለኪያው 1,000 ጫማ አነበበ ማለት ከቡናው ሥር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተቀብረህ ትበራለህ ማለት ነው። የጅማ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ በጫማ ሲሰላ 5,500 ይዞራል። ስለዚህ ዙሩ የሚዞረው መለኪያው 6,500 ገደማ ሲያነብ ነው፤ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ማለቅ ያለበትም 6,000 ላይ ነው። መለኪያው የዕለቱን የአየር ግፊት ካልያዘ በአንድ ሄክቶፓስካል ስህተት 30 ጫማ ገደማ ይዋሻል። ደግሞ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው 65 ሲል አውሮፕላኑ በእውነት የሚበረው ከ70 ኖት በላይ ነው፤ መሬቱ በመስኮት ሲሮጥ ያየ ጀማሪ «ፈጠንኩ» ብሎ ይቀንሳል፣ ያኔ ያ ዋሽንት ይጮሃል። መለኪያውን እመን። ቀዩን የነዳጅና የአየር ማመጣጠኛም ቪዲዮው እንደሚለው እስከ መጨረሻው አትግፋው፤ በዚህ ከፍታ ነዳጅ የበዛበት ሞተር ይንተፋተፋል፤ ማረፉን ሰርዘህ ጉልበት ስትጠይቀው ደግሞ አይሰጥህም።

መሰረዝ ካልሁ አይቀር፦ ስሮትሉን እስከ መጨረሻ ግፋ፣ ፍላፑን ከ30 ወደ 20 ሰብስብ፣ መውጣት መጀመርህን እርግጠኛ ስትሆን ወደ 10፣ ከዚያ ወደ ዜሮ። ሁሉንም በአንዴ የሰበሰበ ሰው መቀመጫ እንደተነጠቀ እንግዳ ዘጭ ይላል። ሌላ ዙር መዞር ደግሞ ውርደት አይደለም። ቡናውስ ቢሆን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቴ ይዞር የለ? ለልጁ ሲሆን ነው «አሁንም አላሳረፍክም?» የሚባለው።

እንግዲህ ቁጥሮቹ ላይ ደርሰናል። የአንድ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ በሚያህል ከፍታ ላይ፣ 15 ጫማ ገደማ ሲቀር፣ ስሮትሉን ሙሉ በሙሉ ዝጋ፤ ዓይንህን ከአፍንጫው ሥር አንሳና የማኮብኮቢያውን መጨረሻ እይ። ይህ ሲሙሌተር ላይ ከእውነተኛው ይከብዳል። በእውነተኛ አውሮፕላን መሬቱ በሁለቱም ዓይንህ ጠርዝ ከፍ እያለ ሲመጣ ይታወቅሃል፣ መቀመጫህም ይነግርሃል። ስክሪኑ ጠባብ ነው፣ ወንበሩም የፕላስቲክ ነው፤ ምንም አይነግርህም። ለዚህ ነው ጀማሪ ሁሉ አምስት ሜትር ላይ አረፍኩ ብሎ የሚስበው። ዕይታው በጣም የተለጠጠ ከሆነ መሬት የራቀ ይመስላል፤ ትንሽ አጥብበው። በኪቦርድ የሚያበር ደግሞ አንዴ በተጫነ ቁጥር መሪው ይዘላል፤ ርካሽ ጆይስቲክ ይሻላል።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፣ ሦስት እግር አለው፣ ሦስቱም እኩል መሬት ይነካሉ፤ ስለዚህም አይወላገድም። ሴስናም ሦስት እግር አለው፤ እንደ በርጩማ የሚያስቀምጠው ግን ይሰብረዋል። የኋላዎቹ ሁለት ይቀድማሉ፣ የፊቱ ቆይቶ፣ መሪውን እንደያዝክ፣ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ከወረደ በኋላ መሪውን እንደ ባጃጅ እጀታ ማጠማዘዝ የለም፤ መሬት ላይ የሚመራው በእግር ፔዳል ነው፣ ፔዳል ከሌለም ጆይስቲኩን በማሽከርከር። ፍሬኑ ሦስቱም ጎማ ሳይወርድ አይነካም።

ስለ ሳበው ባዩ ነበር የጀመርኩት፤ ልጨርሰው። የሚያናድደው ነገር «ሳበው» ትክክል የሚሆንበት አራት ሰከንድ መኖሩ ነው፦ ስሮትሉ ከተዘጋ በኋላ፣ ጎማው ሳይነካ፣ ቀስ ተብሎ፣ እንደ ሙሉ ስኒ። ሰውየው ከሦስት ማይል ጀምሮ ሲጮህ ስለነበር እነዚያም አራት ሰከንዶች ላይ ይጮሃል። ልጁ ደግሞ ያን ጊዜ በራሱ ምክንያት ይስባል። ጎማው ጭጭ ይላል፤ ሴስናዋ መስመሩን ይዛ ትንከባለላለች።

«አላልኩህም?» ይላል ሰውየው፣ በረካውን እየተቀበለ።

አውሮፕላኑ ከቆመ ቆይቷል። እትዬ ከጓዳ አሁንም «ሀርኪሲ!» እያሉ ነው።