የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ስጡንና ሌላ ሐኪም እናማክር

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ አንዲት እናት ከዚሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ደወሉ። የወገብ ዲስክ ኦፕራሲዮን አድርገው ሕመሙ አልለቀቃቸውም፤ ሌላ ሐኪም ላማክር ወይ ብለው ጠየቁ። የእንግዳው ሐኪም መልስ አጭር ነበር። ሐኪም መቀያየር አያድንም፣ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፣ በሐኪም አለመተማመን ደግሞ ሕመሙን ያባብሳል አሉ። አዘጋጁም አመስግኖ ሙዚቃ ለቀቀ።

ኧረ ተው አቦ! አለመተማመን ዲስክ ያንሸራትታል እንዴ?

ታይዋን ገበያ ስልክ ስንገዛ እንኳ ሻጩ ስለማለልን ብቻ ከፍለን አንወጣም። አከርካሪያችንን ግን የከፈተው ሰው ራሱ «ጥሩ ነው» ካለ አለቀ ማለት ነው? ኦፕራሲዮን ያደረገ ሐኪም የሚገመግመው የገዛ ሥራውን ነው። ክፉ ነው አላልኩም። ግን ሰው ነው።

ሕመሙ የማይለቅበት ምክንያት ደግሞ አንድ አይደለም። ያው ዲስክ በዚያው ቦታ ዳግም ሊወጣ ይችላል። ነርቩ ዙሪያ ጠባሳ ይጋገራል። ኢንፌክሽን ይኖራል። የተነካው ከታመመው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያለው ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ሀብታም አገርም የሚያጋጥም ስህተት ነው። ከነጭራሹ ሕመሙ የመጣው ከዳሌ መገጣጠሚያ ሆኖ ዲስኩ በሐሰት ተከሶም ይሆናል። ጠባሳውን ከዲስኩ ለመለየት በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠ የሚነሳ ኤምአርአይ አለ። ትዕግሥት ይህን አይለይም። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ደግሞ የመሳካት ዕድሉ ከመጀመሪያው ያንሳል። ሌላ ዓይን የሚያስፈልገው እንግዲህ ከሁለተኛው ቢላ በፊት ነው። ያ ሁለተኛ ሐኪም «አትነካኪው» ሊልም ይችላል።

ነርቭ ለማገገም ወራት ይፈጃል፤ እሺ። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው፣ መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው፣ እግሩ በየቀኑ እየከዳው ያለ ሰውም ይታገሥ? እሱ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል መግባት ያለበት ሰው ነው። ሬዲዮው ላይ ይህ አልተነገረም።

አክስቴ ስትራመድ የቀኝ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ይቀራል። አይታወቃትም። ከኋላ የምናነሳላት እኛ ነን። ከሆስፒታል የተሰጣት ወረቀት ግን «ኦፕራሲዮን ተደርጎላት፣ ተሽሏት ወጥታለች» ይላል። በቃ። የትኛው ዲስክ ተነካ? ምን ወጣ? ብሎን ገብቷል አልገባም? ምንም የለም። የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት ስንጠይቅ ካርድ ክፍሉ ወደ ሐኪሙ ላከን፣ ሐኪሙ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ፣ ዳይሬክተሩ ተመልሶ ወደ ካርድ ክፍል። የኤምአርአይ ፊልሙም እዚያው ይቀመጣል ተባለ።

ከዚያ ያንን ወገብ ይዛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባች። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምንድን ነው የተሠራልሽ?» የሚል ነበር። ምን ትበል? ሁሉም ከዜሮ ተጀመረ፤ እንደገና ኤምአርአይ፣ እንደገና ብር። ከድሬ ሐረር ብትሄድም ያው ነበር። ወረቀት ከልክሎ የሚያንከራትተን ሐኪም ቤቱ ራሱ ነው፣ ዞሮ ደግሞ ሐኪም ታቀያይራላችሁ ብሎ የሚቆጣን። ብዙ ሰው በመጨረሻ ወጌሻ ቤት ሲገባስ ምን ይገርማል? ወጌሻ ወረቀት አይጠይቅም።

ሕመምተኛው ሲወጣ የኦፕራሲዮኑ ሪፖርትና ፊልሙ በእጁ ይሰጠው። የኮፒው ብር ከሆነ ያስቸገረው እኛው እንከፍላለን፤ ከዚራ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል።