ደብዳቤው ደርሶ ቢሆን ኖሮ

ማንበብ የማይችል አሽከር የተጋባዦች ስም ዝርዝር ይዞ መንገድ ላይ ቆሟል። ጌታው ካፑሌት «እነዚህን ጥራ» ብሎ ሲልከው ፊደል መቁጠሩን አልጠየቀውም። ስለዚህ ያገኘውን ወጣት «እባክዎ ጌታዬ፣ ማንበብ ይችላሉ?» ይለዋል። ወጣቱ ሮሚዮ ነው፤ የጌታው ደመኛ ልጅ። ዝርዝሩ ውስጥ የሚወዳትን የሮዛሊንን ስም ያገኛል፤ እርሷን ፍለጋ ግብዣው ላይ ይገኛል፤ የካፑሌትን ልጅ ዡልየትን ያያል።

ከበደ ሚካኤል በአማርኛ ግጥም ያቀረቡልን ይህ የሼክስፒር ተውኔት፣ «ሮሚዮና ዡልየት»፣ አጋጣሚ በዝቶበታል ተብሎ ይታማል። የግሪኩን ተውኔት ንጉሥ ኤዲፐስን ትንቢት አሳደደው፤ እነዚህን ግን ያልደረሰ ደብዳቤ ገደላቸው፤ ይህ መጥፎ ዕድል እንጂ ትራጄዲ አይደለም የሚሉ አሉ። መቅድሙ በበኩሉ ጥፋቱን በከዋክብት ያሳብባል። (እኛ «ኮከባቸው አልገጠመም» የምንለው ባልና ሚስት ሲጣሉ ነው፤ የእነዚህ ኮከብ ግን የጠላው ሁለቱን አንድ ላይ ነው።) እኔ ሁለቱንም አልቀበልም።

ሁለቱን በምስጢር ያጋቡት መነኩሴ አባ ሎሬንስ፣ ሌላ ባል እንዳታገባ ለዡልየት የሰጧት መድኃኒት ለ42 ሰዓት ሬሳ የሚያስመስል ነው። ምስጢሩን በደብዳቤ፣ ተሰዶ ማንቱዋ ከተማ ላለው ሮሚዮ እንዲያደርስ ሌላ መነኩሴ ይልካሉ። እርሱም የመንገድ ጓደኛ ሊይዝ በሽተኞች ወደሚጠይቅ መነኩሴ ጎራ ሲል፣ የከተማው ተቆጣጣሪዎች ወረርሽኝ ጠርጥረው ቤቱን ያሽጉባቸዋል። ደብዳቤው ይቀራል፤ ሮሚዮም ዡልየት የሞተች መስሎት መቃብሯ ውስጥ ራሱን ያጠፋል። በ1592 እና በ1593 ወረርሽኝ ቴአትር ቤቶችን ሲያዘጋ ላየ የለንደን ተመልካች ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ወረርሽኙን ያዘዘው የለም፤ ይሁን። ሁለት ነፍስ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲንጠለጠል ያደረገው ግን ማን ነው? ጋብቻው በምስጢር የተያዘው በቤተሰቦቹ ደም ምክንያት ነው። ጊዜውን ያጣበበውም ዕጣ አይደለም። ዡልየት ከአባ ሎሬንስ ዘንድ ተመልሳ አባቷ ፊት ተንበረከከች፤ ይቅርታ ለመነች፤ አባቷ የመረጠላትን ፓሪስን ለማግባት እሺ አለች። ውሸቷ ከማማሩ የተነሣ ካፑሌት ደስ ብሎት ሠርጉን ከሐሙስ ወደ ረቡዕ አመጣው። መድኃኒቱን አንድ ሌሊት ቀድማ ጠጣች። ከተውኔቱ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይህ ትዕይንት ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም፤ አባትየው እንዲያውም ፈገግ ብሏል።

ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘበት የአርተር ብሩክ ግጥም ወራት ይፈጃል፤ እርሱ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ጨረሰው። በወራት መካከል አንድ ደብዳቤ ቢቀር ሌላ ይላካል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ታሪኩ በሚፈጸምባት ከተማ በቬሮና ግን የመልቀሚያ ጊዜ የለም።

በመጨረሻ አባ ሎሬንስ መቃብሩ ውስጥ ገብተው፣ ለነቃችው ዡልየት ልንቋቋመው የማንችለው ኃይል ሐሳባችንን አፈረሰው ይሏታል። ወዲያው የዘበኞች ድምፅ ይሰማል። ከዚህ በላይ መቆየት አልደፍርም ብለው፣ ከሮሚዮ ሬሳና ከጩቤው ጋር ትተዋት ወጡ።